ናጋሺኖ 1575፦ ታኬዳን የጣለው ነፍጥ ነው ወይስ ከጀርባው የተዘጋው መንገድ?

ሸማኔው (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ቤቶች። ሳሙራይ በተነሳ ቁጥር አንድ ታሪክ አይቀርም። የታኬዳ ፈረሰኞች ዓይናቸውን ጨፍነው ጋለቡ፤ ኦዳ ኖቡናጋ 3,000 ነፍጠኞች በሦስት ረድፍ አሰልፎ በተራ በተራ እያስተኮሰ አጨዳቸው፤ ጃፓን በአንድ ጠዋት ከጎራዴ ወደ ጠመንጃ ተሻገረች። በቪዲዮም በጌምም የሚነገረው ይኸው ነው። ለእኔ ግን አልዋጥልኝ ብሏል። ምክንያቴን ላስቀምጥ፣ እናንተ አፍርሱት። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱን ግን በእኛ ነው የምጽፈው።)

ጃፓን ያኔ ከመቶ ዓመት በላይ በዘለቀ ዘመነ መሳፍንት ውስጥ ናት። ንጉሠ ነገሥቱ ኪዮቶ ለስም ተቀምጧል፤ የየግዛቱ ባላባት ምሽጉን ሠርቶ፣ ጭፍራውን አስታጥቆ ከጎረቤቱ ይዋጋል። ከሁሉም የሚፈራው የተራራማዋ የካይ (የዛሬዋ ያማናሺ) ጌታ ታኬዳ ሺንገን ነበር። ሺንገን በ1573 ሲሞት ቤቱ ለልጁ ለካትሱዮሪ ተረፈ። ካትሱዮሪ ሞኝም ፈሪም አልነበረም፤ አባቱ ያልቻለውን የታካቴንጂንን ምሽግ በ1574 የያዘ ሰው ነው። ግን የአባቱ ሽማግሌ የጦር አለቆች ዙሪያውን ከበውት ነበር፤ በእነሱ ፊት ወደ ኋላ ማለት የሚከብደው ይመስለኛል።

የሺንገን መሞት ሲወራ ኦኩዳይራ ሳዳማሳ የሚባል የሚካዋ ግዛት ትንሽ ባላባት ታኬዳን ከድቶ የኖቡናጋ አጋር ወደሆነው ወደ ቶኩጋዋ ኢኤያሱ ዞረ። መያዣ አድርጎ የሰጣቸውን ሚስቱንና ታናሽ ወንድሙን ካትሱዮሪ አስገደላቸው። ኢኤያሱ ደግሞ የናጋሺኖን ምሽግ እንዲጠብቅ የሾመው ይህንኑ ሰው ነው። ብልጥ ሹመት ነው፤ እንዲህ የተደረገ ሰው ለታኬዳ በር አይከፍትም። በ1575 ካትሱዮሪ 15,000 ሰው አስከትሎ መጥቶ ከበበው። ውስጥ ያሉት 500 ያህል ናቸው።

ኖቡናጋ 30,000፣ ኢኤያሱ 8,000 ይዘው ሊያድኑት መጡ። ከምሽጉ በስተምዕራብ ሺታራጋሃራ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ወንዝ ከፊታቸው አድርገው የግንድ አጥር አጠሩ። ውጊያው የሆነው ጁን 28 ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የኖቡናጋ አገልጋይ የነበረው ኦታ ጊዩይቺ በጻፈው ዜና መዋዕል ውስጥ ሦስት ረድፍ የሚባል ነገር የለም። የተመረጡት ነፍጠኞች 1,000 ያህል ናቸው፤ አምስት አለቆች ተመድበውላቸዋል። በተራ በተራ መተኮስ የሚለውን ያስፋፋው ኦዜ ሆአን ነው፤ እሱ ደግሞ ከውጊያው ብዙ ዓመት ቆይቶ ታሪኩን ለአንባቢ አሳምሮ የጻፈ ሰው ነው። ኦታ የሚያተኩረው ሌላ ነገር ላይ ነው። ኖቡናጋ ሠራዊቱን ዝቅ ባለ ስፍራ ከጠላት ዓይን ሰውሮ አስቀመጠው። ከዚያ በዋዜማው ምሽት የኢኤያሱ የጦር አለቃ ሳካይ ታዳትሱጉ 4,000 ያህል ሰውና 500 ነፍጥ ይዞ በተራራው ዞረ። ሌሊቱን ተጉዞ ጠዋት 2 ሰዓት ግድም ቶቢጋሱያማ ላይ ያሉትን የታኬዳ ምሽጎች መታ። ቦታው ምሽጉን የከበበው ሠራዊት ጀርባ ነው። እሱ ሲወድቅ ከበባው ፈረሰ፤ ካትሱዮሪ ፊቱ አጥር፣ ጀርባው ጠላት ሆነበት።

ስለዚህ ነፍጡ ገድሏል፣ አልክድም። ውጊያውን የበላው ግን ያ የሌሊት ጉዞ ነው እላለሁ። እስቲ።

ማታ ማታ

"አፍርሱት" ብሎ የሚጀምር ሰው ደስ ይለኛል። ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ።

ከናጎያ

ሸማኔው፣ ቦታውን ስለማውቀው ትንሽ ልጨምር። ከቶዮሃሺ የኢዳን መሥመር ባቡር ይዛችሁ ወደ ተራራው ስትወጡ ናጋሺኖጆ (የናጋሺኖ ምሽግ) የሚባል ጣቢያ አለ፤ ሐዲዱ የጥንቱን ምሽግ ግቢ ሰንጥቆት ነው የሚያልፈው። ምሽጉ ሁለት ወንዞች የሚጋጠሙበት ገደል አፍ ላይ ነው። እዚያ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ 500 ሰው እንዴት 15,000ውን እንዳቆመ ማንም ሳያስረዳችሁ ይገባችኋል። ከደቡብ በኩል መውጣት አይታሰብም።

ሺታራጋሃራ ደግሞ "ሃራ" ስለተባለ ሰፊ ሜዳ እንዳይመስላችሁ። ሁለት ትይዩ ጉብታዎች ናቸው፣ መሐላቸው ጠባብ የሩዝ ማሳ፣ ማሳውን የምትከፍለው ሬንጎ የምትባል ወንዝ። ወንዝ ማለትም ያስቸግራል፤ ጎረምሳ ተንደርድሮ የሚዘላት ነገር ናት። አጥሩን አሁን በከፊል መልሰው ሠርተውታል፣ ግንድ በግንድ ላይ በገመድ የታሰረ ነው። ጁን መጨረሻ እዚህ አገር የዝናብ ወቅት ነው። በዚያ ጭቃ ውስጥ ፈረስ ይጋልብ ነበር የሚለኝን ሰው ጫማውን አውልቆ ማሳው ውስጥ እንዲገባ ነው የምጋብዘው።

ነፍጡንም ሲተኩሱት አይቻለሁ። በየዓመቱ በበዓሉ ቀን የጥንት መሣሪያ የሚጠብቁ ማኅበረተኞች ጥሩር ለብሰው ጥይት በሌለው ባሩድ ይተኩሳሉ። ባሩዱን በአፈሙዙ ያፈሳሉ፣ በዘንግ ይጠቀጥቃሉ፣ ከጎን ባለችው ትንሽ ሳህን ላይ ደቃቁን ባሩድ ነስንሰው ክዳኗን ይዘጋሉ። ከዚያ የሚጨሰውን ክር እፍ ብለው ፍሙን ያነቁና መቆንጠጫው ላይ ያስገቡታል። ክዳኑን ከፍቶ ምላጩን መሳብ የመጨረሻው ነው። ድምፁ ደረት ላይ ነው የሚሰማው። እኔን የገረመኝ ግን ጭሱ ነው፤ ጥቂት ሰዎች አንድ ጊዜ ተኩሰው ከፊታቸው ያለው ሁሉ ጠፋ።

ጡረተኛው

ልጆች፣ ጥሩ ይዛችኋል። ወታደር ነበርኩና በወታደር ዓይን ልናገር። እህታችን ስለ ጭሱ የተናገረችው ዋና ነገር ነው። አንድ ነፍጠኛ አጉርሶ እስኪተኩስ ሃያና ሠላሳ ሴኮንድ ይፈጅበታል፣ ያውም ካልተደናገጠ። አጥሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ ነው ይባላል። በሁለት ኪሎ ሜትር ላይ፣ በጭስ ውስጥ፣ በዚያ ጩኸት "አንደኛ ረድፍ! ሁለተኛ ረድፍ!" ብሎ ትእዛዝ የሚያሰማ አለቃ አላውቅም። ሬዲዮ ይዘንም ይጠፋን ነበር።

የሚሆነው እንዲህ ነው። አምስቱ አለቆች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ክፍል ይዘው፣ ጠላት በፊታቸው ሲደርስ ያስተኩሳሉ፤ ሲያፈገፍግ ያጎርሳሉ። ጎበዝ ተኳሽ ፊት ሆኖ ሌላው ከኋላ እያጎረሰ ሊያቀብለው ይችላል። ይህ በተራ መተኮስ ነው ካላችሁ እሺ። ግን ለዚህ ሦስት ረድፍ የተባለ ተአምር አያስፈልግም። አጥሩ ይበቃል። የአጥሩ ሥራ እኮ ጠላትን ማስቀረት ብቻ አይደለም፤ ለሚያጎርሰው ልጅ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ልብ መስጠት ነው።

ቆጣሪው

ጋሼ ጡረተኛው ያሉትን እቀበላለሁ። ሸማኔውን ግን አልለቀውም።

አንደኛ፣ 1,000 ያልከው ያን ያህል የተዘጋ ጉዳይ አይደለም። የኦታ የእጅ ጽሑፍ ከአንድ በላይ ነው፤ በአንደኛው ላይ ከሺው ጎን "ሦስት" የሚል ምልክት ተጨምሮ ይታያል። ራሱ ኦታ አርሞት ይሁን ሌላ ሰው ጨምሮት ምሁራኑ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አንተ የምትወደውን ቅጂ መርጠህ ሌላውን ተረት አታድርገው።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ውጊያው የጀመረው ፀሐይ ስትወጣ ነው። ሳካይ ቶቢጋሱያማን የመታው 2 ሰዓት ግድም ነው ብለሃል። እንግዲህ ካትሱዮሪ ጀርባው ስለተዘጋ ነው ወደ ፊት የገባው ካልክ ገና ላልተዘጋ መንገድ ነው የደነገጠው ማለት ነው።

ሸማኔው

ቆጣሪው፣ ስምህን በከንቱ አላወጣኸውም።

ለሁለተኛው ልመልስ። ውጊያ ለመግጠም መወሰንና በውጊያው ላይ መቆየት ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ካትሱዮሪ በዋዜማው ወስኗል፤ በዚያው ቀን የጻፈው ደብዳቤ አለ፣ ጠላት መላው ጠፍቶበት ተጨንቋልና ሄጄ እመታዋለሁ የሚል መንፈስ ያለው። ለምን እንዲህ አሰበ? ኖቡናጋ 30,000 ሰው ይዞ መጥቶ ከአጥር ጀርባ ቁጭ ሲል ከሩቅ ለሚያየው የፈራ ይመስላል። ሠራዊቱንም ዝቅ ባለ ቦታ ደብቆታል። ካትሱዮሪ ያየው የሠራዊቱን ጥቂት ነው ብዬ ነው የማምነው።

ሁለተኛው ውሳኔ ነው የእኔ ነጥብ። ጠዋት የመጀመሪያው ጥቃት ሲመለስ "ይብቃን" ብሎ ወደ ከበባው መመለስ ይቻል ነበር። ቶቢጋሱያማ ሲነድ ግን የሚመለስበት ቦታ ራሱ ጠፋ። ኦታ አምስት ተከታታይ ጥቃት ይቆጥራል፤ ያማጋታ ማሳካጌ ቀድሞ፣ ባባ ኖቡሃሩ አምስተኛ ሆኖ። ትግሉ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ቆይቷል። ጠዋት ሁለቴ ተመትቶ ያየ አለቃ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን የላከው አማራጭ ስላልነበረው ነው።

በነገራችን ላይ ስለ ሳካይ አንድ ወሬ አለ። የሌሊቱን ጉዞ ሐሳብ ያመጣው ራሱ ሳካይ ነው፤ በጉባኤው ላይ ሲናገር ኖቡናጋ ሰው ፊት አዋረደው፣ "ይህ የሽፍታ ብልሃት ነው" በሚል ዓይነት። ጉባኤው ሲበተን ለብቻው ጠርቶ "ግሩም ነው፣ ሂድ፤ ወሬው እንዳይወጣ ብዬ ነው" አለው ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን ኖቡናጋን ይመስለዋል።

የአዊ ፈረሰኛ

እዚህ ቤት ስለ ፈረስ ሲወራ ዝም ማለት አልችልም።

አንዳንድ ሰዎች "የጃፓን ፈረስ ድንክ ነበር፣ ቁመቱ 1.30 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ስለዚህ የታኬዳ ፈረሰኛ የሚባለው ተረት ነው" ይላሉ። ሌላ ክር ላይም አንብቤዋለሁ። እኔ ያደግኩት እንጅባራ ነው። የእኛ ፈረስ ስንት ይመስላችኋል? ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ጥር 23 ቀን መጥታችሁ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓልን እዩ። አያቶቻችን በዚያው ቁመት ባለው ፈረስ ዘምተዋል። ትንሽ ፈረስ ዳገት ይወጣል፣ ትንሽ ይበላል፣ ሰኮናው ጠንካራ ነው። የፈረንጅ ፈረሰኛን መለኪያ ይዞ የጃፓንን ፈረስ መናቅ ምን አመጣው? ፈረሱም ያውላችሁ፣ ሜዳውም ያውላችሁ።

ከናጎያ

ፈረሱስ እሺ ወንድሜ፣ ሜዳው ነው የሌለው። ማሳ ነው ብያለሁ።

ሸማኔው

የአዊ ፈረሰኛ፣ ቁመትን በተመለከተ አፌን ዘግተኸዋል፣ ያን ክርክር ከዚህ በኋላ አልጠቀምበትም። የሚከብደኝ ሌላ ማስረጃ ነው። በጃፓን ለብዙ ዓመት የኖረው ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ሚሲዮናዊ) ሉዊስ ፍሮይስ በ1585 አውሮፓንና ጃፓንን ሲያነጻጽር፣ እኛ በፈረስ ላይ ሆነን ስንዋጋ ጃፓኖች ግን መዋጋት ሲኖርባቸው ከፈረሳቸው ይወርዳሉ ብሏል። በዚያ ላይ በዘመኑ ፈረስ የሚቀመጠው ባለማዕረጉ ነው፤ ዙሪያውን ጦር የያዘ፣ ዕቃ የተሸከመ፣ ልጓም የሚስብ እግረኛ ይከተለዋል። ሺህ ፈረሰኛ ብቻውን ተሰልፎ የሚጋልብበት ሠራዊት አልነበረም።

የአዊ ፈረሰኛ

አንተ ራስህ የምትምልበት ኦታ፣ ሦስተኛው ጥቃት ላይ የመጡት ቀይ የለበሱት የኦባታ ሰዎች የምሥራቅ አገር ሰዎች ናቸው፣ በፈረስ የተካኑ ናቸው፣ ፈረስ ይዘው ሊገቡ መጡ ይላል። ኦታ ሲመችህ ምስክር፣ ሳይመችህ ዝም?

ማታ ማታ

ኧረ ተያዘ።

ጡረተኛው

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ከፊሉ ወርዶ፣ ከፊሉ ተቀምጦ ገብቷል። ጦርነት እንደ መጽሐፍ አይሄድም። እኔ ይልቅ የማነሳው ጥይቱን ነው። ታኬዳም እኮ ነፍጥ ነበረው፤ ጎራዴ ብቻ የያዘ ኋላ ቀር አድርጋችሁ አትሳሉት። የተለየው ስንቁ ነው። ነፍጥ ያለ ባሩድና ያለ እርሳስ ዱላ ነው።

ቆጣሪው

ጋሼ እዚህ ላይ ወርቅ ነገር አነሱ። ኖቡናጋ ከ1560ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሳካይን ወደብ በእጁ አድርጓል (ከአለቃው ሳካይ ጋር አታምታቱት፣ ይህ ኦሳካ አጠገብ ያለ የነጋዴ ከተማ ነው)። የነፍጥ ሠሪዎቹ መንደር ኩኒቶሞም በእሱ ግዛት ሥር ነው። ለባሩድ ዋናው ቅመም በአብዛኛው በመርከብ ከውጭ ይመጣ ነበር፤ ከእርሳሱም የተወሰነው ከሲያም፣ ከዛሬዋ ታይላንድ፣ የተቆፈረ ነው። ያ ሁሉ የሚራገፈው ኖቡናጋ ደጃፍ ላይ ነው። ታኬዳ ግን ተራራ ውስጥ ነው። እርሳስ ሲያጥራቸው የመዳብ ሳንቲም እያቀለጡ ጥይት ለማድረግ ይሞክሩ ነበር። እንግዲህ አንዱ በቀን ደጋግሞ ይተኩሳል፣ ሌላው ጥይት ቆጥሮ ይሰጣል። ናጋሺኖ የተወሰነው በሌሊት ጉዞ ሳይሆን በጉምሩክ ነው ብል ቅር ይለኛል?

አዲስ ገቢ

ሰላም፣ አዲስ ነኝ። ይቅርታ ጥያቄዬ ቀላል ነው። ምሽጉ ተከቦ እያለ ኖቡናጋ መምጣቱን ውስጥ ያሉት በምን አወቁ? እጅ ያልሰጡትስ ለምንድን ነው?

ከናጎያ

አዲስ ገቢ፣ እንኳን ደህና መጣህ፤ ከሁሉም ጥሩውን ጥያቄ ነው የጠየቅኸው። እዚህ ሚካዋ ውስጥ ከኖቡናጋም ከኢኤያሱም በላይ የሚወደደው ሰው የመጣው ከዚህ ታሪክ ነው። ስሙ ቶሪ ሱኔኤሞን ነው። ትልቅ ሰው አልነበረም፣ ተራ ጭፍራ ነው።

የእህል ጎተራቸው በጠላት እጅ ገብቶ የቀራቸው የጥቂት ቀን ቀለብ ነበር። ኦኩዳይራ "ማን ወጥቶ ለኢኤያሱ ይነግራል?" ሲል ሱኔኤሞን ተነሳ። ሌሊት በገደሉ ወርዶ ወንዙ ውስጥ ገባና እየዋኘ ከከበባው አመለጠ። ሲነጋ ተራራ ላይ ጭስ አንስቶ "አልፌያለሁ" የሚል ምልክት ሰጣቸው። ከዚያ በእግሩ እስከ ኦካዛኪ፣ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ። ሲደርስ ኖቡናጋም እዚያው ደርሷል፤ "እንመጣለን" ተባለ። እረፍ ቢሉት እምቢ ብሎ ያንኑ መንገድ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ተያዘ።

የታኬዳ ሰዎች ብልጦች ናቸው። "ምሽጉ ፊት ሄደህ 'ማንም አይመጣም፣ እጅ ስጡ' በላቸው፤ ሕይወትህ ይተርፋል፣ ሽልማትም አለህ" አሉት። እሺ አለ። ምሽጉ ፊት ሲቆም ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ "ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ታገሡ፣ ሠራዊቱ እየመጣ ነው" ብሎ ጮኸ። እዚያው በእንጨት ላይ ሰቅለው ገደሉት። ውስጥ ያሉት ከዚያ በኋላ እጅ ይሰጣሉ ብለህ ታስባለህ?

ከጠላት ወገን ኦቺያይ የሚባል ሳሙራይ በዚህ በጣም ከመነካቱ የተነሳ ሱኔኤሞንን እንደተሰቀለ አሥሎ የራሱ የጦር ሜዳ ዓርማ አደረገው። ሰውየው እጅና እግሩ ተዘርግቶ፣ ዓይኑ ፈጥጦ፣ በነጠላ ጨርቅ ብቻ የሚታይበት ሥዕል ነው። ዛሬም አለ፣ ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ይዞታል። በዚያው የኢዳ ባቡር መሥመር ላይ "ቶሪ" የሚባል ጣቢያም በስሙ ነው የተሰየመው።

አዲስ ገቢ

እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ይህን ሳነብ ነፍጡን ረሳሁት።

ደጃፍ

እኔ ደግሞ ከነፍጡ አልወጣም፣ ምክንያቱም ወደ እኛም ይመጣል። ጃፓኖች ነፍጥን ያወቁት በ1543 ታኔጋሺማ ደሴት ላይ ነው። በቻይና መርከብ የመጡ ፖርቱጋሎች ይዘውት ነበርና የደሴቱ ወጣት ጌታ ቶኪታካ ሁለት ገዛቸው። ሠሪዎቹን ጠርቶ "አምሳያውን ሥሩ" አለ፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ በመላ አገሪቱ ተዛመተ።

በዚያው በ1543፣ ፌብሩዋሪ ላይ፣ ወይና ደጋ ላይ ምን ሆነ? ክሪስቶቫው ደ ጋማ ይዟቸው ከመጡት 400 ፖርቱጋሎች የተረፉት ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ተሰልፈው ኢማም አሕመድ የወደቁት በነፍጥ ነው። ኢማሙም ቀደም ብለው ከኦቶማን ነፍጠኛ አስመጥተው ነበር። አንድ ባሕር፣ አንድ የመርከብ መሥመር፣ በአንድ ዓመት ሁለት ጫፍ። ልዩነቱ ጃፓኖች ወዲያው ራሳቸው መሥራት መጀመራቸው ነው። እኛ ጋ ለምን እንዲያ አልሆነም የሚለው ነው የሚያንገበግበኝ።

ቆጣሪው

ኩኒቶሞና ሳካይ ውስጥ ከነፍጥ በፊትም በመቶ የሚቆጠር ብረት ሠሪ ነበረ፣ ገበያ ነበረ፣ የሚከፍል ባላባትም ነበረ። እኛ ጋ ብረት ሠሪውን "ቡዳ" እያልን ከመንደር ዳር አስቀምጠነዋል። መልሱ ከዚያ ይጀምራል።

አወያይ

ሁለቱም አስተያየት ደስ ይላል፤ ግን ስለ ወይና ደጋና ስለ ኢማም አሕመድ ራሱን የቻለ ክር አለ፣ እዚያ ቀጥሉት። ይህኛው ናጋሺኖ ላይ ይቆይ።

ማታ ማታ

አወያያችን ሳይቆጣ አንድ ብቻ። ያሱኬ የሚባለው ጥቁሩ ሳሙራይ ናጋሺኖ ላይ ነበር? ሐበሻ ነው የሚሉም አሉ።

ሸማኔው

አልነበረም። ያሱኬ ኖቡናጋ ፊት የቀረበው በ1581 ነው፣ ከናጋሺኖ ስድስት ዓመት በኋላ፤ የመጣውም ከኢየሱሳዊው አለቃ ከቫሊኛኖ ጋር ነው። አገሩን በተመለከተ በ1627 የጻፈ ፈረንሳዊ ኢየሱሳዊ ከሞዛምቢክ ነው ይላል። ሐበሻ ነበር ለሚለው የዘመኑ ማስረጃ የለም፤ ስለምንወደው ብቻ የእኛ አናድርገው።

ግን ከታኬዳ ታሪክ ጋር ይገናኛል። በ1582 የጸደይ ወራት የኖቡናጋ ልጅ ኖቡታዳ ካይን ወረረ። የታኬዳ ሰው አንድ በአንድ ከዳ፤ ካትሱዮሪ ራሱ ምሽጉን አቃጥሎ በተራራ ሲሸሽ፣ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ቴንሞኩ ተራራ ሥር አለቀ። ያ የታኬዳ ቤት መጨረሻ ነው። ኖቡናጋ የተያዘውን አገር ጎብኝቶ ሲመለስ ማትሱዳይራ ኢኤታዳ የሚባል የኢኤያሱ ሰው ማስታወሻው ላይ የጻፈው ነገር አለ፦ ከኖቡናጋ ጋር አንድ ጥቁር ሰው አለ፣ ገላው እንደ ቀለም፣ ቁመቱ በእኛ ልክ 1.82 ሜትር ያህል፣ ስሙም ያሱኬ። እና ያሱኬ ውጊያውን አላየም፤ ውጊያው ያመጣውን ፍርስራሽ ግን ረግጦታል።

ቆጣሪው

እዚህ ላይ ሸማኔውን መልሼ ልያዘው። ታኬዳ የወደቀው በ1582 ከሆነ ከናጋሺኖ በኋላ ሰባት ዓመት ሙሉ ቆሟል። ታዲያ "ታኬዳን የጣለው" ብለህ ርዕስ መስጠትህ ምንድን ነው?

ሸማኔው

የቆመው ግድግዳው ነው፤ ማገሩ ናጋሺኖ ላይ ወጥቷል። ባባ ኖቡሃሩ፣ ያማጋታ ማሳካጌ፣ ናይቶ ማሳቶዮ፣ ሃራ ማሳታኔ፣ የሳናዳ ሁለት ወንድማማቾች፣ ሁሉም በአንድ ቀን። ባባ፣ ካትሱዮሪ እስኪያመልጥ ድረስ፣ ደጀን ሆኖ ቆይቶ ነው የሞተው። እነዚህ ሰዎች የሚያዋጉ ብቻ አልነበሩም፤ ግዛት የሚያስተዳድሩ፣ ግብር የሚሰበስቡ፣ የየሸለቆውን ሰው በስሙ የሚያውቁ ናቸው። በ1582 ሰው ሁሉ የከዳው የሚያስታርቅና የሚያስፈራ ሽማግሌ ስላልነበረ ነው።

ደግሞም አብዛኛው የሞተው አጥሩ ፊት ሳይሆን ሲሸሽ ነው። ኦታ ሲጽፍ፣ ወደ ተራራ የሸሹት በረሃብ፣ ሌሎቹ ከድልድይ ወድቀው ወንዝ ውስጥ አለቁ ይላል። የሸሹበት መንገድ የጠበበው በማን ነው? በሳካይ። እኔ ከዚያች ጉብታ አልወርድም።

ጡረተኛው

ሸማኔው እዚህ ላይ አሳምኖኛል። በማፈግፈግ ላይ የሚሞተው በጥቃት ላይ ከሚሞተው ይበልጣል፤ ይህን ያላየ አያውቀውም።

ከሳናዳዎቹ ግን ሦስተኛውን አትርሱት። ሁለቱ ታላላቆቹ ናጋሺኖ ላይ ሲወድቁ ቤቱን የወረሰው ማሳዩኪ ነው። በ1600፣ የሴኪጋሃራ ታላቅ ውጊያ ጊዜ፣ የኢኤያሱን ልጅ ከ38,000 ሠራዊቱ ጋር ኡኤዳ ምሽግ ሥር ገትሮ ከዋናው ውጊያ ያስቀረው እሱ ነው። ያውም በጥቂት ሺህ ሰው።

የአዊ ፈረሰኛ

ስለ ኦባታ ፈረሰኞች እስካሁን መልስ አልተሰጠኝም። ጠብቄ ነው ያለሁት።

አዲስ ገቢ

የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሚስቱና ወንድሙ የተገደሉበት ኦኩዳይራስ?

ከናጎያ

ከበባውን ተቋቁሞ ተረፈ። ኖቡናጋ ከስሙ ከፍሎ ሰጠውና ኖቡማሳ ተባለ፤ ኢኤያሱ ደግሞ የመጀመሪያ ሴት ልጁን ካሜሂሜን ዳረለት። ዘሮቹ በኋላ ኪዩሹ ላይ የናካትሱ ጌቶች ሆነው የሳሙራይ አገዛዝ እስካበቃበት እስከ ሜይጂ ዘመን ቆይተዋል። እስከ 2024 ሲወጣ በነበረው የ10,000 የን ኖት ላይ ያለው ፉኩዛዋ ዩኪቺም ከናካትሱ ዝቅተኛ የሳሙራይ ቤተሰብ ነው። እና እኔ የቤት ኪራይ ስከፍል የኖርኩት በኦኩዳይራ ሎሌ ልጅ ፊት ነው ማለት ነው።

ማታ ማታ

ኪራዩስ ስንት ነው? የአዊ ፈረሰኛን ፈረስ ይዘን ልንመጣ ነው።

ሸማኔው

የአዊ ፈረሰኛ፣ አልሸሸሁም። ኦታ "ፈረስ ይዘው ሊገቡ" ካለ በኋላ ቀጥሎ የጻፈውን አንብበው፤ የኖቡናጋ ሰዎች ተደብቀው ጠብቀው በነፍጥ ሲቀበሏቸው ከግማሽ በላይ ወድቀው ተመለሱ ነው የሚለው። ፈረሰኛ ነበሩ እሺ፤ ስንቶቹ ተቀምጠው አጥሩ ጋ እንደደረሱ ግን ኦታ አይናገርም። ከዚህ ወዲያ ማሳው ውስጥ ገብቶ የሚሞክር ከተገኘ ከናጎያ መንገዱን ታሳያለች።

የአዊ ፈረሰኛ

ቪዛውን ላኩ፣ ፈረሱን እኔ አመጣለሁ።